ከነፍሬው የተዋጠው ቁርቁራ

«እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቺ ልጅ ጭንቅላት የላትም» አሉ ማስተር ሃልዳር፣ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ። ይህን ያሉት ልጅቷ ተኝታ ወይም ሌላ ክፍል ሆና አይደለም፤ እዚያው ክንዳቸው ሥር ተቀምጣ እርሳስ እየቀረጸች ነው። እርሳሱ ተቀርጾ ተቀርጾ ከጣቷ አጥሯል፤ ጂኑክ ግን ቀና ሳትል መቅረጿን ቀጠለች። አባቷ ኒርማልዮ ያነበበውን ጋዜጣ እንደገና ገለጠው። እናቷ ሹታፓ ሰው ፊት ማልቀስ የማትወድ ሴት ናትና፣ ገና ያላለቀውን የብስኩት ሳህን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም የነበረችው የኒርማልዮ ታላቅ እህት ቦኩል ግን እጇ ሰፌዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ይህን ነገር ታውቀዋለች። የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ አረንጓዴ ግድግዳ ሥር፣ ስለ እሷ ተብሏል። ያኔም የተናገረው ሰው አፉ ውስጥ ብስኩት ነበረበት።

ማስተር ሃልዳር ክፉ ሰው አይደሉም። ከጠዋት ጀምሮ ከቤት ቤት እየዞሩ የሰው ልጅ ሲያስጠኑ ይውሉና፣ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውም ትዕግሥታቸውም አልቆ ነው። ቢሆንም የተባለው ተባለ። ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። የጂኑክ አስተማሪ ሹታፓን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቁማ፣ ልጅቱ በሒሳብ ከክፍሉ ሁሉ ኋላ መቅረቷን፣ መቀነስ የሚባለው ጨርሶ እንዳልገባት ነገረቻት። ከትምህርት አምላክዋ ከሳራስዋቲ በዓል ማግሥት ብቻዋን ጠርታ ትፈትናታለች፤ ካቃታት ከሁለተኛ ክፍል አውጥታ ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ታስቀምጣታለች። የዓመቱን መጨረሻ መጠበቅ የለም፣ በዚያው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ማንም ከማንም ጋር በቅጡ አያወራም። ባልና ሚስት አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ማስታወቂያ ሲመጣም ድምፁን የሚቀንስ የለም። ጂኑክ ደግሞ ሒሳብ በተነሣ ቁጥር ዝናብ እንደያዘው ሰው አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

በማግሥቱ፣ በበዓሉ ጠዋት፣ ቦኩል ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ቤቱ የአባቷ ቤት ነው። ሳታገባ ቀርታ ከወንድሟና ከሚስቱ ጋር ትኖርበታለች፤ ወጡም፣ በዓሉም፣ ጂኑክም የእሷ ናቸው። ልጅቷ ፒሺ ትላታለች፣ በቤንጋል የአባት እህት የምትጠራው እንዲያ ነው። ሰሜን ኮልካታ ገና ብርዱ አለቀቀም። በጠባቧ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት የሰፈር ድምፅ ማጉያዎች ግን ጎህ ሳይቀድ እየተሻሙ መጮህ ጀምረዋል፣ አንዱ መዝሙር ሌላው የሲኒማ ዘፈን። ቦኩል ለበዓሉ ገላ መታጠቢያ እርድና የኒም ቅጠል ወቅጣ ጂኑክን ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር አቆመቻት።

«ፒሺ፣ በረደኝ!»

«ዝም በይ። ሳራስዋቲ ፊት እንዲህ ሆነሽ ልትቆሚ ነው?»

«እሷ እኮ እኔን አታየኝም።»

«ዛሬ ካላየችሽ መቼ ልታይሽ ነው?»

ጂኑክ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውኃው በርዷት ነው ብላ ቦኩል አለፈችው። ከዚያ ቢጫ ሳሪ በላይዋ ላይ ጠቀለለችባት። ሳሪው የእናቷ ነው፤ አራት አጥፈውት እንኳ መሬት ይጠርጋል። ቦኩል መርፌ ቁልፍ በጥርሷ ይዛ እየሰካች፣ እንዳትሮጪ፣ እንዳትዘዪ፣ ደረጃ ላይ በሁለት እጅሽ ሰብስቢው ስትል ልጅቷ ሁሉንም እሺ እሺ አለች። የዛሬው እሺታ ግን የወትሮው አልነበረም። ሌላ ጊዜ ይህች ልጅ እሺ ከማለቷ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለምን ትላለች።

የሳራስዋቲ የሸክላ ምስል ከትናንት ጀምሮ እንግዳ መቀበያው ክፍል ጥግ ተቀምጧል። ነጭ ናት፣ በገናዋን ታቅፋ ዝይዋ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ዘንድሮ ሠሪው ዓይኖቿን ትንሽ አስፍቶባት የተደነቀች መስላለች። ቦኩል ፊቷ ፍራፍሬ ደረደረች፤ ሙዝ፣ ሸንኮራ፣ በትልቅ የናስ ሳህን የተቆለለ ቁርቁራ። በዚህ አገር ቁርቁራ ከገና ጀምሮ በየጣሪያው ጥግ እየበሰለ ልጅ ሁሉ ምራቁን ይውጣል እንጂ፣ ሳራስዋቲ ሳትቀምሰው የሚቀምስ የለም። ቀድሞ የቀመሰ ተማሪ ፈተና ይወድቃል። ይህን ቤንጋሊ ሁሉ መቁጠር ሳይማር ነው የሚማረው። ሌላው ሕግ ደግሞ የመጽሐፍ ነው፤ በዚህ ቀን መጽሐፍ አይነበብም፣ እርሳስ አይጨበጥም። ሁሉም መጽሐፉን አምጥቶ እግሯ ሥር ያስቀምጣል፣ እሷ ባርካ በማግሥቱ ትመልሰዋለች። ስለዚህ የነገው ፈተና ቢያስጨንቅም ዛሬ ማጥናት የለም። ሹታፓ ትናንት ማታ ይህን ሕግ አንሥታ ከባሏ ጋር ልትከራከር ሞክራ ነበር። እሱ ዲዲን ጠይቂያት አላት፣ ታላቅ እህቱን ማለቱ ነው፤ ሹታፓም ዲዲን ልትጠይቅ መጥታ በር ላይ ቆመችና፣ ስለ ሩዙ ጠይቃ ተመለሰች።

መጽሐፎቹን ቦኩል ሰበሰበች። ኒርማልዮ የባንክ ሥራውን መመሪያ ሰጠ። ሹታፓ ከምትሠራበት የኢንሹራንስ ቢሮ አንድ ወፍራም ጥራዝ አመጣች። ቦኩል ትምህርት ካቆመች ወዲህ የሚባረክላት መጽሐፍ ስለሌላት በየዓመቱ የቤቱን የቀን መቁጠሪያ ታስቀምጣለች፣ ዘንድሮም አስቀመጠች። ጂኑክ የቤንጋሊ መጽሐፏን፣ የእንግሊዝኛውን፣ የሥዕል ደብተሯን አንድ በአንድ አምጥታ ደረደረች፤ ከዚያ እጇን ሳሪው ላይ ጠራረገችና ጨረስኩ አለች።

«የሒሳቡስ?» አለች ቦኩል።

«ትምህርት ቤት ቀርቷል።»

ማስተር ሃልዳር ትናንት ማታ ጠረጴዛውን ሲደበድቡ ያመሹት በዚያው በሒሳብ መጽሐፍ ነው። ቦኩል ግን የተደረደሩትን መጽሐፎች አስተካከለች። የሚዋሽ ልጅን ወዲያው መያዝ አትወድም፣ መጀመሪያ ለምን እንደዋሸ ማወቅ ትፈልጋለች።

በዚህ መካከል ካህን ጠፋ። የዚህ በዓል ትልቁ መከራ ይህ ነው። አንድ ካህን፣ አንድ ጠዋት፣ ሰፈር ሙሉ ተማሪ ያለበት ቤት። ቀጠሮ የሰጣቸው ሰውዬ ስልኩን አያነሣም። ኒርማልዮ በቢጫ ሐር ሸሚዙ መንገዱ ጥግ ላይ እንደ ሽፍታ አድፍጦ በብስክሌት የሚያልፍ ካህን ይጠብቃል፤ የታችኛው ሰፈር ወጣቶች ግን ቀድመውት አንዱን ከነብስክሌቱ ተሸክመው ሲሄዱ አየ። አበባው በካህኑ ጸሎት ለሳራስዋቲ እስኪሰጥ ድረስ ደግሞ ምግብ አይቀመስም። ሹታፓ ራሷን ይዛ ተቀምጣለች። ቦኩል ለመጽሐፎቹ መሸፈኛ ቢጫ ጨርቅ ልታወጣ የራሷን ሣጥን ከፈተች፣ ከብርድ ጊዜ ነጠላዋ ሥር እጇ አንድ ጠንካራ ነገር ነካ። የሒሳብ መጽሐፉ ነበር፣ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ። ይህን ሣጥን ከእሷ በቀር ማንም አይከፍተውም። ይህች ልጅ በዚህ ቤት ውስጥ ነገር ልትደብቅ ስትፈልግ የመረጠችው የእሷን ሣጥን ነው፤ ቦኩል ለዚህ ልትቆጣ ወይስ ደስ ሊላት እንደሚገባ አላወቀችም፣ ደስ አላት።

መጽሐፉን እዚያው ትታ ልጅቷን ፍለጋ ወጣች። ጂኑክ ጣሪያው ላይ ነበረች፣ የሳሪዋን ጫፍ ሰብስባ ከውኃ ጋኑ ጥግ ቁጭ ብላለች። የጎረቤት የቁርቁራ ዛፍ ቅርንጫፉን በግድግዳው ላይ ወደ እነሱ ጣሪያ ዘርግቷል፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ቦኩል ጉልበቷን እያመማት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሣጥኔ ውስጥ እንግዳ አለ» አለች።

ጂኑክ የሳሪዋን ጫፍ በጣቷ መጠቅለል ጀመረች።

«ካየችው ታስታውሳለች» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«ሳራስዋቲ። የሒሳብ መጽሐፌን ስታይ እኔን ታስታውሰኛለች። ለማንም አትንገሪ ፒሺ። ለአባዬ አትንገሪ።»

«ለማንም አልናገርም። ምን አደረግሽ?»

«ቁርቁራ በልቻለሁ። አምና፣ በዓሉ ሳይደርስ። ከሚሊ ጋር።» ሚሊ የጎረቤት ልጅ ናት፣ የዛፉ ባለቤት። «ሚሊ ስታስታውስ ተፋችው። እኔ ዋጥኩት። ከነፍሬው ዋጥኩት ፒሺ። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ አይገባኝም። ማስተር ሲነግሩኝ ይገባኝና፣ ፍሬው ትዝ ሲለኝ ይጠፋብኛል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ቦኩል አልሳቀችም። ዓመት ሙሉ ይህች ልጅ ሆዷ ውስጥ ፍሬ ተሸክማ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ኖራለች። ደግሞስ ምን ብላ ትሳቅ? እሷ ራሷ አምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት እንኳ ከበዓሉ በፊት ቁርቁራ የሚሸጥ ጋሪ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ያ ግን አንድ ነገር አስታወሳት።

«ስሚኝ ጂኑክ። እኔ በሕይወቴ ከሳራስዋቲ በፊት አንድ ቁርቁራ አፌ ገብቶ አያውቅም። ከቁርቁራ የሚሠራውን ማጣፈጫ እንኳ አልቀመስኩም። አሥረኛ ክፍል ግን ወደቅኩ። አንዴ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ፤ ሁለቱንም በሒሳብ።»

ጂኑክ ዞራ አየቻት። ነገሩን በደንብ አመዛዘነችው።

«ሌላ የማይበላ ነገር በልተሽ ይሆናላ» አለች፣ እያዘነችላት።

ታች ግቢው ውስጥ ጫጫታ ተሰማ፤ ኒርማልዮ በመጨረሻ አንድ ካህን ከነሙሉ ክብሩ ክንዱን ይዞ አስገባው። ካህኑ ላብ በላብ ሆኗል፤ ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል፣ ፍጠኑ፣ አበባው የት አለ፣ ማነው ያን ማጉያ የሚያጠፋልኝ እያለ ሳይቀመጥ ጸሎቱን ጀመረው። ሁሉም አበባ ጨብጠው ቆሙ። ካህኑ ሲል አብረው አሉ፣ ወረወሩ፤ ሲል አሉ፣ ወረወሩ። የጂኑክ አበባ ከሳራስዋቲ እግር ሳይደርስ መሐል ወለሉ ላይ ወደቀ። አንሥታ ልትወረውረው አልሞከረችም። ካህኑ ሙዝና ድርሻውን በጨርቅ ቋጥሮ ወጣና ከበር ሳይርቅ በሌሎች ተጠለፈ።

ምሳ ኪቹሪ ነበር፣ የበዓሉ ምግብ፣ ሩዝና ምስር አብሮ ቢጫ ሆኖ የተቀቀለበት፤ ከሱ ጋር የተጠበሰ ደበርጃን፣ ጎመን በድንች፣ የቲማቲም ማጣፈጫ። ሌላ ዓመት ይህን ማዕድ ሲበሉ እያወሩ ነው። ዘንድሮ የሚሰማው የጎረቤት ዘፈን ብቻ ነው። ሹታፓ ጨው አንሷል ወይ አለች፤ ኒርማልዮ የለም ጥሩ ነው አለ፤ አለቀ። ቦኩል ወንድሟን አየችው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከእሷ በሦስት ዓመት ያንሳል፣ ፀጉሩ ከመሐሉ ሳስቷል። ትናንት ማታ በዚያ ጋዜጣ ተሸፍኖ ዝም ባለ ጊዜ ልትጠላው ከጅሏት ነበር። ለልጅቷ ቃል ገብታለች። ቃል ማፍረስ ደግሞ ልጅ ፊት ከባድ ነው። ነገ ግን ፈተና ነው፤ ልጅቷ ያን ፍሬ እንደተሸከመች ከሄደች ከአንደኛ ክፍል ወንበር ብቻ አይደለም የምትቀመጠው፣ ጭንቅላት የላትም ከሚለው ቃል ጋር ዕድሜ ልኳን ትቀመጣለች። ቦኩል ያን መቀመጫ ታውቀዋለች።

«ኒሩ» አለችው በቤት ስሙ፣ «ልጅህ አምና ከበዓሉ በፊት ቁርቁራ በልታለች። ከነፍሬው። ሒሳብ እምቢ ያላት በዚያ ይመስላታል።»

«ፒሺ!» አለች ጂኑክ። ፊቷ እሳት መሰለ። «አልናገርም ብለሽ!»

ሹታፓ ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ የልጇን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው። ኒርማልዮ ኪቹሪውን በጣቱ ለወሰው።

«የበሰሉትን ነው ወይስ ጥሬዎቹን?» አለ በመጨረሻ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል።

ጂኑክ እናቷን አየች፣ አክስቷን አየች። «ጥሬዎቹን።»

«በጨው?»

«በጨውና በሚጥሚጣ።»

«እኔም» አለ ኒርማልዮ።

«አንተም ምን?» አለች ቦኩል።

«እኔም እንደዚያ ነበር የምበላቸው። በየዓመቱ፣ በዓሉ ሳይደርስ። ጣሪያው ላይ፣ ከጋኑ ኋላ ተደብቄ። ፍሬውን አሸንዳ ውስጥ እጥለዋለሁ። እማማ አሸንዳ በተደፈነ ቁጥር ቁራ ስትራገም ትዝ ይልሻል ዲዲ? ቁራው እኔ ነበርኩ።»

ከጣሪያው ወርዶ አፉን እየጠራረገ መጽሐፉን ይዞ የሚቀመጠው ያ ጨዋ ልጅ በቦኩል ዓይን ላይ መጣ። እሷ ግን ጎረቤቶች በቅጠል ጠቅልለው ቁርቁራ ሲሰጧት እጇን ወደ ኋላ ታስር ነበር።

«አንደኛ ነበር የምትወጣው» አለች።

«አዎ።»

«በየዓመቱ።»

«በየዓመቱ» አለ፣ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው።

ቦኩል ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ፣ ከሁሉ በላይ ግን ንዴቷ መጣ። እኔ ማጣፈጫውን እንኳ ልትል ጀምራ ተወችው። ሳህኗን ይዛ ብድግ ስትል ኒርማልዮ በግራ እጁ የሳሪዋን ጫፍ ያዘ፣ ልጅ ሳለ ቀሚሷን ይይዝ እንደነበረው።

«ተቀመጪ ዲዲ። አንቺ የወደቅሽው በምን ይመስልሻል? እማማ ወገቧን ይዟት አልጋ ላይ ዓመት ስትቆይ ለሰባት ሰው የምታበስይ አንቺ ነበርሽ። እኔ አንደኛ ስወጣ የበላሁት ያንቺን ሩዝ ነው። መጽሐፍ ይዘሽ ስትቀመጪ አንድ ቀን አላየሁም። መቼ ጊዜ ነበረሽ?»

በዚህ ቤት ይህ ነገር በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ጊዜ ተነግሮ አያውቅም። እህትና ወንድም ያውቁታል፣ አንዳቸውም ግን አፍ አውጥተው አልተናገሩትም። ቦኩል ቁጭ አለች፣ የምታደርገው ሲጠፋት ለሹታፓ ማጣፈጫ ጨመረችላት። ሹታፓም አልፈልግም ሳትል ሳህኗን አቀረበች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዲዲ፣ እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረኝም» አለቻት፤ በዚህ ሳምንት ሁለቱ ሴቶች ስለ ሩዝ ያልሆነ ነገር ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እኔስ?» አለች ጂኑክ።

«አንቺ ደግሞ» አለ አባቷ፣ «በዝናቡ ጊዜ የዴንጊ ትኩሳት ይዞሽ ወር ሙሉ ተኝተሻል። ክፍሉ ተበድሮ መቀነስን ሲማር አንቺ ወንበርሽ ላይ አልነበርሽም። ስትመለሺ ማንም ወደ ኋላ ሄዶ አላሳየሽም። እኔም አላሳየሁሽም።»

ጂኑክ ጥቂት አሰበች። «አንተ ግን ፍሬውን ትጥለው ነበር እንጂ አልዋጥከውም።»

«አንዳንዱን ውጫለሁ።»

«እውነትህን?»

«እውነቴን ነው።»

ቦኩል የወንድሟን ጆሮ አየች። ቀልቷል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ከስንት ዓመት ወዲህ እንደዚያን ሰዓት ወድዳው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የበዓሉን ቁርቁራ ለጎረቤት ማዳረስ የቦኩልና የጂኑክ ሥራ ነው። ቁርቁራው ከናሱ ሳህን ይወርድና ከቅጠል በተሰፉ ትንንሽ ሳህኖች አሥር አሥር እየሆነ ይቀመጣል፣ ከዚያ ለየቤቱ እንደ ሰዉ ብዛት ይከፋፈላል። ሁለቱ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ቆጥረው ሲጨርሱ አምስት የቅጠል ሳህን ሞላ፣ ሁለት ፍሬ ተረፈ።

«ስንት ሆነ?»

«አምሳ ሁለት» አለች ጂኑክ። ይህን ታውቀዋለች።

«በይ ለሚሊ ቤት ሰባት ስጪ።»

ጂኑክ የተረፉትን ሁለቱን አንሥታ አየቻቸው። «የለንም እኮ። ሁለት ብቻ ነው ያለን።»

«ይህ ሁሉ ሳህን ተደርድሮ የለንም ትያለሽ? ከነሱ ቤት ሰው መጥቶ እንዲህ ስትዪ ቢሰማሽ ስስታም ነው የሚልሽ። አንዱን ፍቺው።»

«ይበላሻል ፒሺ፣ አሥር ሞልተነዋል።»

«ይበላሽ።»

ልጅቷ አንዱን ሳህን አንሥታ፣ ቅር እያላት፣ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። አሥሩ ከሁለቱ ጋር ተቀላቅለው ተንከባለሉ፣ አንዱ ሶፋው ሥር ገባ፣ ተሳበችና አወጣችው። አሥራ ሁለት። ሰባቱን ለሚሊ ለየች። ወለሉ ላይ አምስት፣ ሳህኑ አራት። አፏ ሳይከፈት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቦኩል አየች።

«አርባ አምስት» አለች ጂኑክ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ሳራስዋቲ መለስ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፒሺ፣ ዛሬ ማጥናት ክልክል ነው አይደል?»

«ማን አጠና? የበዓል ድርሻ እያከፋፈልን ነው» አለች ቦኩል፣ እሷም ወደዚያ ጥግ በጎን አየት እያደረገች። «ማስተር መበደር የሚሉት ግን ይህንኑ ነው።»

«ይሄ ብቻ?»

«ይሄ ብቻ።»

ወዲያው ገባት ብል ውሸቴን ነው። ለቀጣዩ ቤት ስምንት ሲያወጡ ሳህኑን ፈታ ዘረገፈችና የቀሩትን ሳህኖች ስትቆጥር የተፈታውንም ጨምራ ቆጠረች። ቦኩል አላረመቻትም። የቀረው ቁርቁራ ከተናገረችው ቁጥር ጋር አልገጥም ሲላት ራሷ ተናደደች፣ ባዶውን ቅጠል አንሥታ ወዲያ ወረወረችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ለሦስተኛው ቤት ሲያወጡ ኒርማልዮ መጥቶ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አጠገባቸው ተንበረከከ። እኔ ልሞክር ሲል ጂኑክ ሆን ብሎ ሲሳሳት ያዘችው፤ አባዬ ሳህኑን ሳትፈታ ከየት ታመጣዋለህ ብላ ጮኸችበት። ሹታፓ በሩን ተደግፋ ሰማች። ቢሮ ደውላ ነገ ጠዋት እንደምታረፍድ ተናገረች፣ ልጄን እኔ ራሴ አደርሳታለሁ አለች። ከዚያ መጥታ ቁጭ አለችና አንድ ቁርቁራ በጨው አጥቅሳ ለልጇ አጎረሰቻት። ጂኑክ ፍሬውን በጥንቃቄ ተፋችው። ልማድ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ለጎረቤት አድርሰው ተመልሰው ሳለ፣ ቦኩል ጂኑክን የእሷን ሣጥን ስትከፍት ሰማቻት። ልጅቷ ፎጣውን ፈታች፣ የሒሳብ መጽሐፉን ግንባሯ ላይ አስነካችና በሁለት እጇ ተሸክማ ሄዳ ከመጽሐፎቹ ሁሉ ላይ፣ ከቦኩል የቀን መቁጠሪያ ጎን፣ አስቀመጠችው። ዘግይቼ ነው፣ ይቅርታ፣ ስትል ተሰማ። ወለሉ ላይ የወደቀውን የጠዋቱን አበባ ማንም አላነሣውም ነበርና አነሣችው፣ አሁን ከቅርብ ስለሆነ በደንብ የሳራስዋቲ እግር ላይ አሳረፈችው።

መጥታ ከቦኩል አጠገብ ተቀመጠች። ሳሪው ከመርፌ ቁልፎቹ ሁሉ አምልጦ ወገቧ ላይ ተጠምጥሟል።

«ፒሺ፣ አንቺን ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ወደቅኩ አላልኩሽም?»

«አባዬ ጊዜ ስላልነበራት ነው ብሏል እኮ።»

«ብሏል።»

«አሁን ጊዜ አለሽ?»

ቦኩል ወጥ ቤቱን አሰበች፣ ነገ የሚታጠበውን የናስ ዕቃ አሰበች። «አሁንማ አለኝ» አለች።

«ታዲያ ነገ ከእኛ ጋር ነያ። ሚስ ሁለታችንንም ትፈትነን። አንቺም ሁለተኛ ክፍል ትገቢና አጠገቤ ትቀመጫለሽ።»

ከዚያች ከወደቀችበት ዓመት ወዲህ ቦኩልን ሰው ሁሉ ነይ ብሏታል፤ ነይ ሩዙን እዪው፣ ነይ እማማን አንሻት፣ ነይ በሩን ክፈቺ። ትምህርት ቤት ነይ ያላት አልነበረም። ይህች ልጅ ስትላት ደግሞ ቀልዷን አይደለም፣ ቦታ ሳይቀር አስባላታለች። ቦኩል ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት፣ የእርዱና የጨው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው፤ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት፣ ይህን ለመደበቅም አልሞከረችም።

«እኔ ግን ከረሳሁ ስንት ዘመኔ» አለች። «ካቃተኝ ታስኮርጂኛለሽ?»

«ማስኮረጅ አይፈቀድም» አለች ጂኑክ ኮስተር ብላ። ከዚያ አሰብ አደረገች። «ግን ወረቀቴን አልሸፍንብሽም።»